ክርክር፦ በስልክ ስለሚመጣ አደጋ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ይነገር?

መምህርት (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር)፦ ይነገር። ከተማሪዎቼ የራሱ ስልክ ያለው የለም፤ የእናቱን ስልክ የማይነካ ግን አንድም የለም። በቅርቡ የአንዲቱ እናት ቡና እየቆላች ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ አነሣችው። "ለእናትሽ ሽልማት ደርሷታል፤ የመጣውን ቁጥር አንብቢልኝ" አላት ደዋዩ። አምስቱን አሃዞች አንድ በአንድ አነበበችለት፤ ማንበብ በመቻሏም ደስ ብሏት ነበር። ቁጥሩ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነበር፤ ሌባው በእሱ የእናትየዋን ቴሌግራም ከፍቶ ዘመድ አዝማዱን ገንዘብ ሲለምን አመሸ። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የትኛው ቁጥር ለማንም እንደማይነበብ ግን አላስተማርኳትም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ደቻቱን፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ አስቡት። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው ዘንቦ ጎርፉ ይደርሳል። ልጆቻችንን አሸዋውን አትርገጡ አላልንም፤ ድምፁን ስትሰሙ ወደ ዳር ሩጡ አልን እንጂ።

አባት (ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር)፦ መምህርት፣ ደቻቱን ካነሡ አይቀር የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነው። የተኛን ሰው "ሩጥ" ማለት ምን ይጠቅመዋል? ከዚያ በኋላ ግንብ የተሠራው ለዚህ ነው። የስምንት ዓመት ልጅም ያባበለውን ሁሉ ያምናል። ቲክቶክና ፌስቡክ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች አንቀበልም ይላሉ፤ ግንቡ ይኸው ነው። "በጥንቃቄ ተጠቀሙ" ስትሉት በልጁ ጆሮ የሚቀረው "ተጠቀሙ" የሚለው ብቻ ነው።

ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ልጄ አንደኛ የወጣ ዕለት ፎቶው ከነሙሉ ስሙና ከነክፍሉ በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ተለጠፈ። የትምህርት ቤቱ ስም ደረቱ ላይ ተጠልፎ ይነበባል። ማንም አላስፈቀደኝም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለዘመድ ሁሉ አስተላለፍኩት። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። መጀመሪያ እኛን አስተምሩን።

መምህርት፦ ስለ ፎቶው እውነትዎን ነው፤ የእኔም ክፍል ፎቶዎች አሉበት፣ እንዲነሡ እጠይቃለሁ። የ13 ዓመቱ ደንብ ግን አካውንት ለሚከፍት ልጅ ነው። ተማሪዬ ምንም አካውንት አልነበራትም። የምለምነው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፦ ቁጥር አይነበብም፤ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" ያለ ሰው ነገሩ ወዲያው ለእናት ይነገርበታል፤ የጓደኛ ፎቶ ሳይፈቀድ አይላክም። ተሳስቶ የተናገረ ልጅም አይመታም። ያቺ ልጅ ቁጥሩን ያነበበችው እሷ መሆኗን ዱላ ፈርታ ሁለት ቀን ደብቃለች።

አባት፦ በክፍል "አይመታም" ተብሎ ማታ ቤት ከተመታ ዋጋ የለውም። እንግዲያው ወላጅ ባለበት ይሰጥ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። እመጣለሁ። የልጄ ፎቶ ግን ቅዳሜን አይጠብቅ።