ሻንሲው የሌላ፣ ስሙ የሌላ

መስል ካር የሚባሉትን ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ለሚወድ ሰው ከዝገት ይልቅ የሚያንገበግበው ውሸት ነው። ስንት ዓመት ቆጥቤ የሼቭሮሌን ጉልበተኛ መኪና፣ የ1970 ሼቬል ኤስኤስ፣ ልገዛ ብሄድ የጠበቀኝ፣ የኤስኤስ አርማ የተለጠፈበትና ኮፈኑ የተቀየረለት ማሊቡ የሚባለው ተራ ሼቬል ነበር። ሻጮቹ ደግሞ ያውቁበታል፤ በዚያ ዓመት ኤስኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን 396 ወይም 454 ከሚባሉት ትልልቅ ሞተሮች ከአንዱ ጋር የሚታዘዝ ተጨማሪ ጥቅል ስለነበረ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ስለ ኤስኤስነቱ ምንም አይናገርም። አንዳንዴ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ተሰክቶ የሚገኘው የፋብሪካ ወረቀት ከጠፋ፣ ለገዢው የሚቀረው የሻጩ ምላስ ብቻ ነው።

ቅጂውን ቅጂ ነው ብሎ የሚሸጥ ጨዋ ስላለ እሱስ ይሁን። እኔን የሚያቃጥለኝ የሞተሩን ሞኖብሎክ ፊት ልጎ ሌላ ቁጥር የሚመታበት፣ ይባስ ብሎም ዝጎ ከተጣለ መኪና የሻንሲ ቁጥሩን ሰሌዳና ሊብሬውን ወስዶ በሌላ አካል ላይ በሪቬት የሚያስረው ነው። ይህ እድሳት ሳይሆን በሞተ ሰው መታወቂያ መኖር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሻንሲ ቁጥርን አውቆ መፋቅንና መለወጥን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጎታል፤ ሆኖም መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ ፖሊስ ጎትቶ የሚወስደው ከመጨረሻው ገዢ ደጅ ነው። አዳሹ ያኔ ሌላ ማሊቡ እየቀባ ይሆናል።