ይድረስ ለክቡር የፊደል ግድፈት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቦታውን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን እንዳንል፣ መች ተለይተውን ያውቁና! ሪድሚውን፣ ያን የሶፍትዌራችንን ማስተዋወቂያ ሰነድ፣ በከፈትን ቁጥር እዚያው ነዎት። ሦስተኛው አንቀጽ፣ ሁለተኛው መስመር። «ሪሲቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ «ኢ»ን እና «አይ»ን ቦታ አለዋውጠው፣ እግርዎን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሶፍትዌሩ ስንቴ ተገለባበጠ። ኮዱ እንደ አዲስ ተጻፈ። ሎጎው ሳይቀር ተቀየረ። እርስዎ ግን ንክች አላሉም።

ፕሮጀክቱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ሊያርምዎት ይችላል። ለዚህም ነው ማንም ያላረመዎት። የሚያልፈው ሁሉ ያይዎታል፣ ፈገግ ይላል፣ «መቼም አንዱ ያስተካክለዋል» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ያ «አንዱ» የሚባል ሰው እስካሁን አልመጣም። ቢመጣም የሚጠብቀውን ስለማውቅ አልፈርድበትም።

እስቲ እርስዎን ለማስለቀቅ ምን እንደሚጠይቅ ልንገርዎት፤ ኩራት ይሰማዎታል።

አንድ ቅን ሰው ተነሳ እንበል። ኮዱ የተቀመጠበት ጊትሃብ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የእርሳሷን ምልክት ይጫናል። ወዲያው ፕሮጀክቱ በሙሉ፣ ከነታሪኩ፣ በስሙ ይገለበጥለታል። ሁለቱን ፊደላት ያቀያይራል። ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ይከፍታል። ጨረሰ? ገና ምኑ ተነካና! መጀመሪያ አንድ ቦት፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይመጣል። ስለ በጎ ፈቃዱ አመስግኖ የመብት ስምምነት እንዲፈርም ይጠይቀዋል። ሁለት ፊደል ላቀያየረ ሰው ስለ ፓተንት የሚያወራ ውል! ይፈርማል። ሌላ ቦት ይመጣል። የኮሚቱ መልእክት፣ ለውጡን የሚገልጸው ማስታወሻ፣ «ዶክስ» (ሰነድ ለማለት ነው) በሚል ቃል መጀመር ነበረበት ይለዋል። ያስተካክላል። ከዚያ የፕሮግራሙን ደህንነት የሚፈትሸው ቴስት ይጀምራል። ፕሮግራሙ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በማክም ላይ ከዜሮ ይገነባል። የሆነ ቦታ ያሉ ሰርቨሮች በእርስዎ የተነሳ ይንደቀደቃሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ ቀይ ይሆናል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ኔትወርክ በዘገየ ቁጥር የሚወድቅ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይነካው ቴስት ነው። ቢሆንም ቀይ ቀይ ነው፤ ለውጡን ከዋናው ፕሮጀክት ጋር የሚቀላቅለው፣ መርጅ የሚለው በተን አይሠራም።

ቦቶቹ ሲጨርሱ ሰዎቹ ይመጣሉ። እዚህ ጋ ቦቶቹ ይናፍቃሉ።

አንዱ «በነካ እጅህ አንቀጹን እንዳለ ብትጽፈው?» ይላል። ሌላው አንቀጹ ጭራሽ መኖር አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው እዚያው መስመር ላይ «ከለር» የሚል ቃል አይቶ እንደ እንግሊዞቹ በ«ዩ» ይጻፍ ወይስ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ «ዩ» የሚለውን ጉዳይ ይከፍታል። አራተኛው ስለ ኮማ የሚናገረው አለው። ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ጠባያችንን እ.ኤ.አ. በ1957 ጽፎታል። በእሱ ምሳሌ አንድ ኮሚቴ የኒውክሌር ማብላያውን በደቂቃዎች ውስጥ ያጸድቅና ብስክሌት መጠለያው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይደራል። እኛም ጋ እንደዚያው ነው። ሺህ መስመር ኮድ «ጥሩ ይመስላል» ተብሎ ያልፋል። ሺህ መስመር ማን ያነባል? እርስዎን ግን ሁሉም ያነባል፤ ስለ እርስዎም ሁሉም ሊቅ ነው።

ክርክሩ ሲበርድ ሌላ ቦት ብቅ ይላል። የቆየ ጉዳይ የሚጠርገው ነው። ሌላ ቁጥር ካልሰጡት በቀር፣ 60 ቀን ድምፅ የጠፋበትን ፑል ሪኩዌስት ምልክት ያደርግበታል። 7 ቀን ጠብቆ ይዘጋዋል። ቅኑ ሰው ተሸኘ። እርስዎ ቀሩ።

ተሳክቶ መርጅ ቢደረግስ? ያ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው። ጊት ብሌም የሚባል ኮማንድ፣ ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ፣ አለ፤ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ያወጣል። ሁለት ፊደል ያቀያየረው ምስኪን ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ የተመዘገበ መስመር አለው። ከዓመታት በኋላ መስመሩ የሚለው ነገር ጭራሽ ውሸት ሆኖ ሲገኝ፣ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚያፋጥጠው እሱን ነው። «እኔ እኮ ፊደል ነው ያስተካከልኩት» ቢል ማን ይሰማዋል?

በዚህ ላይ ስም አጥፊዎችዎም አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃክቶበርፌስት በሚባለው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ላይ የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። በኦክቶበር ወር አራት ፑል ሪኩዌስት ላቀረበ ሰው ቲሸርት ተባለ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ሰዉ ግን አቋራጩን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ሪድሚ ከፍቶ ርዕሱ አጠገብ «ድንቅ ፕሮጀክት» ብሎ መጨመር፤ አለቀ። ፕሮጀክት የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ጎርፉን ሲዘጉ መዋል ሆነ ሥራቸው። ወሩ ገና ሳይገፋ አዘጋጆቹ ደንቡን ቀየሩና የሚቆጠረው ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ውስጥ የተሠራው ብቻ ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰሞን እርስዎ የተሻሉ ነበሩ። እርስዎ ቢያንስ ቲሸርት አልጠየቁም።

በአንጻሩ እርስዎን በክብር የሚያሳድድም አለ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በመጽሐፎቹ ውስጥ ስህተት ላገኘለት ሰው 2.56 ዶላር ይሸልማል። 256 ሳንቲም በሄክሳዴሲማል፣ በአሥራ ስድስት በሚቆጠረው የቁጥር ሥርዓት፣ 100 ተብሎ ስለሚጻፍ አንድ ዶላር ነው፤ የፕሮግራመር ቀልድ እንዲህ ነው፣ ይቻሉት። እስከ እ.ኤ.አ. 2008 እውነተኛ ቼክ ይልክ ነበር፤ ያገኘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባንክ አይወስደውም፤ በፍሬም አድርጎ ይሰቅለው ነበር። የእኛ ፕሮጀክት ይህን ያህል አቅም የለውም። የአንድ እጅ አውራ ጣት ምልክት ካገኙ ይበቃል።

አሁን ወደ ዘመዶችዎ ልምጣ። እርስዎን እንኳ ሰው በግምት ያነብዎታል። ሁለት ፊደል ቢዛነፍ ትርጉሙ አይጠፋም፤ በዚህ አልከስዎትም። ኮማንድ ውስጥ የገቡት ወገኖችዎ ግን ሌላ ናቸው። ከእነሱ ሁሉ የማይረሳኝ ረዥሙ ሰረዝ ነው። ኮማንዱ ሁለት አጫጭር ሰረዞች ነበሩት። ሰነዱ የተጻፈበት ፕሮግራም «ላሳምርልህ» ብሎ ሁለቱን አጣብቆ አንድ ረዥም ሰረዝ አደረጋቸው። ጀማሪው ኮፒ አድርጎ ኮማንድ በሚጻፍበት ቴርሚናል ላይ ለጠፈው። «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም» አለው። ደገመው። ያው። ሰነዱን አየ፣ ቴርሚናሉን አየ፤ ለዓይን ልዩነት የለውም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ፕሮግራሙን ነቅሎ ጫነ። ከኮማንዱ በላይ ደግሞ «በጣም ቀላል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ያ ዓረፍተ ነገር የፊደል ስህተት የለበትም። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ግን እሱ ነው።

የሚጫን ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ ስም ላይ የሚገቡት ደግሞ ለሌባ በር ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤንፒኤም በሚባለው የፓኬጅ ማከማቻ ላይ «ክሮስ-ኢንቭ» የሚባለውን የታወቀ ፓኬጅ የምትመስል፣ ሰረዟ ብቻ የጎደለች ፓኬጅ ተገኘች። የጫናትን ሰው የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች፣ ኮምፒውተሩ ለፕሮግራሞች የሚይዛቸውን መረጃዎች፣ ለቅማ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉንና ቁልፉን የሚያስቀምጠው ደግሞ እዚያ ነው። እንግዲህ አንዲት ሰረዝ ከመጫኛ ሰነድ ላይ ብትወድቅ ምን እንደምታስከትል ያስቡት።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው። የእርስዎ ነገር ከከረመ መብት ይሆናል። «ሪፈረር» የሚሉትን የኤችቲቲፒ ሄደር ያውቁታል፤ ብራውዘር ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ለድረ ገጹ የሚናገርበት መስመር ነው፤ የሥጋ ዘመድዎ ነው። በእንግሊዝኛ መሃሉ ላይ ሁለት «አር» ነበር የሚገባው። ሐሳቡ ሲቀርብ አንዷ ቀረች። እስኪነቃ ድረስ ፕሮግራሞች ለምደውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድም ከነጉድለቱ ተቀበለው። ዛሬም ብራውዘሮች እንደዚያው ይልኩታል። ከዓመታት በኋላ «ሪፈረር ፖሊሲ» የሚባል ሌላ ሄደር መጣ፤ እሱ በሁለት «አር» በትክክል ተጻፈ። አሁን ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። የመጀመሪያውን ሄደር ስም አስተካክሎ የጻፈ ፕሮግራመር ነው ኮዱ አልሠራ የሚለው።

ዩኒክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ጋ ሰው አለዎት። ፋይል የሚፈጥረው «ክሪኤት» የሚባለው ጥሪ መጨረሻው ላይ «ኢ» የለውም። ከዩኒክስ አባቶች አንዱ ኬን ቶምፕሰን፣ ሥራውን እንደገና ቢጀምር ምን እንደሚቀይር ሲጠየቅ ያቺን «ኢ» እንደሚጨምራት ተናግሯል። እሱ ያልቻለውን እኛ ምን ብለን!

ስለዚህ ክቡርነትዎ በፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ በሚጠራ የኮድ ክፍል፣ ስም ውስጥ ገብተው ሰው ኮዱ ውስጥ ሳይጠራዎት፣ ገና ሪድሚ ላይ እያሉ፣ በሚቀጥለው ቨርዥን ቦታውን እንዲለቁልን በትህትና እጠይቃለሁ። ፑል ሪኩዌስቱ ተከፍቷል። ውሉ ተፈርሟል። ስለ ኮማው ስምምነት አልተደረሰም።

ከማይገባዎት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጠራጊው ቦት፤ እባክህ ታገስ።
ኔትወርክ ሲዘገይ ለሚወድቀው ቴስት፤ ለአንድ ቀን ብቻ አረንጓዴ ሁንልን።
«ፍሮም» መሆን ሲገባቸው «ፎርም» ሆነው ተከባብረው ለሚኖሩት ለአጎትዎ ልጅ፤ አራሚው ፕሮግራም ትክክለኛ ቃል ስለሚመስሉት ሁሌም ሰላም ብሎ ያልፋቸዋል።