የማይጠጣው እንግዳ ብርጭቆ

እዚህ ቨርጂኒያ ራት የተጠራ ሰው ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ «ወይንህ ቀይ ይሁን ነጭ?» ይባላል። ነጩ ከጠዋት ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ቀዩ ቀደም ብሎ ተከፍቶ አየር እንዲያገኝ ተደርጓል። እንግዳው «አልጠጣም» ካለ ግን ምክንያቱን መናገር አለበት፤ እርጉዝ ነኝ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ እነዳለሁ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። ከዚያ ባለቤቱ ማድ ቤት ገብቶ የቧንቧ ውኃ ቀድቶለት ይመጣል። ለእሱ ቀድሞ ያሰበለት የለም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ወሎ ውስጥ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። ደሴ ላይ ድግስ ያለበት የክርስቲያን ቤት ጠላ ሲጠምቅ ለሙስሊሙ ጎረቤት፣ ብዙ ጊዜም ለገዛ አጎትና አክስት፣ ቀሪቦ ይሠራል። ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ በስኳር ይጣፍጣል። ሥጋውም ለየብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ማማሰያውም ይለያል። ስለዚህ ማንም ሰው «እኔ አልጠጣም» ብሎ አፍ መክፈት አያስፈልገውም።

አሁን ከውጭ የሚመጡ ልጆች ወይን ይዘው መግባት ለምደዋል። እሰየው፣ ጥሩ ስጦታ ነው። ግን ደሴ አንድ ቤት ያየሁት አልጠፋኝም፤ ልጁ ረጃጅም ባለ እግር ብርጭቆዎች ለሁሉም ሲደረድር አንዱን ሐጂ አባባ ፊት አኖረው። እናቱ ምንም ሳይናገሩ በጆግ ቀሪቦ ይዘው መጡ፣ ብርጭቆውን አነሱና «አብሽሩ፣ የርስዎ ይኸው» ብለው በሌላ ቀዱላቸው። ልጁ ማንን እንደጋበዘ ሳያስብ ነበር የደረደረው።

ከውጩ የምወድለት ደግሞ አለ። አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለ5 ብርጭቆ ይበቃል ተብሎ፣ ብርጭቆው ሲሶው ብቻ ይቀዳል። እጅህን ከላይ ከደንክበት ማንም አይጨምርብህም። እኛ ዘንድ እስከ አፉ ሞልተው «በሞቴ!» ይላሉ። ወይን እንደ ጠላ አይደለም፣ ይከብዳል፤ ከዚያ ግብዣ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ በሌሊት የሚወርድ ሹፌር አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ «በሞቴ» ቢቀር እመርጣለሁ።

የመቅመሱን ሥርዓት ወጣቶቹ ከፈረንጅ የመጣ ሲመስላቸው ያሳዝነኛል። ምግብ ቤት ውስጥ ለጋባዡ ጥቂት የሚቀዳለት ወይኑ ቡሹ አበላሽቶት እንደሆነ እንዲያይ ነው። ጠላ ቀጂዋም እኮ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ሁለቱም «የማቀርብልህን እኔ አረጋግጬዋለሁ» ማለት ነው።

እዚህ ገብስ ቆልቶ ቀሪቦ መሥራት ለሚከብደው ብርዝ አለ። ማሩ በውኃ ተበጥብጦ፣ እንዳይብላላ በዚያው ቀን ይቀዘቅዛል፤ የሚቀዳውም በዚያው ባለ እግር ብርጭቆ፣ ወይኑ በሚቀዳበት ሰዓት ይሁን።