«ወድቀህ ትማራለህ» አትበሉኝ

ፎም ቆርጦና አጣብቆ፣ ሞተርና ሰርቮ (መሪዎቹን የምታንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) ገጥሞ፣ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ማጽናኛ ሳይሰማ አይውልም፤ «አይዞህ፣ ወድቀህ ነው የምትማረው» ይሉታል። የሚሉት ሰዎች ክፉ ልብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ሆኖም መውደቅ ብቻውን የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ፣ በወጣ ቁጥር አውሮፕላኑን በዚያው በለመደው አኳኋን በአፍንጫው መሬት ላይ የሚተክለው ወዳጃችን እስካሁን የዘርፉ ሊቅ በሆነ ነበር። አልሆነም፤ የሙጫ ደንበኛ ብቻ ነው የሆነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ አደጋው የራሱን ማስረጃ አጥፍቶ የሚሄድ መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲመታ ባትሪው ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ የሰርቮው ጥርስ ይረግፋል፣ ሰርቮውን ከኤሌቬተሩ፣ ማለትም አፍንጫውን ከሚያነሣውና ከሚያወርደው የጭራ መሪ፣ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦም ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ሶኬቱ አየር ላይ ሳለ ተነቅሎ ይሁን መሬት ሲመታ፣ ጥርሱም በበረራው መካከል ረግፎ ይሁን በግጭቱ፣ ማን ይናገር? ባትሪው ደግሞ በእነዚህ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ ስለሆነ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ መሸሹ ብቻውን የስበት ማዕከሉን፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሚዛኑን ጠብቆ የሚንጠለጠልበትን ነጥብ፣ ከቦታው ያስወጣዋል። ቀጥ ባለ ተራ ክንፍ ላይ ይህ ማዕከል ከፊተኛው ጠርዝ ጀምሮ እስከ ኋለኛው ጠርዝ ባለው የክንፉ ስፋት 25 እስከ 30 በመቶ ገደማ ላይ ሊውል ይገባዋል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ኋላ ከሸሸ አውሮፕላኑ ከእጅ እንደተለቀቀ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ፍጥነቱን ይጨርሳል፣ በአንድ ክንፉም ተገልብጦ ይመጣል። ማዕከሉ የት እንደነበረ ከወደቀ በኋላ ልለካ ብትሉ፣ ባትሪው ርቆ ሣር ውስጥ ተጋድሟል።

ይህም ሆኖ ስብርባሪው ሳይነካ ለሚያየው ሰው ጥቂት ነገር ይናገራል። የፕሮፔለሩ ሁለቱም ጫፎች ከተሰባበሩ ሞተሩ መሬት እስኪመታ ድረስ እየዞረ እንደነበር መገመት ይቻላል፤ አንዱ ወገን ብቻ ተሰብሮ ሌላው ጭረት እንኳ ከሌለው ግን ቀድሞ ቆሞ ነበር ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከሁለቱ የክንፍ ጫፎች የትኛው እንደተደቆሰና አፈሩን ወደየት እንደጫረው ማየት አወዳደቁን ያሳያል። አንዳንድ ሪሲቨሮች (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበሉት ዕቃዎች) ደግሞ በበረራው መካከል ኃይል ተቋርጦባቸው እንደነበረ በመብራታቸው ብልጭታ ይጠቁማሉ፤ ይህ የሚታየው ታዲያ ማንም ሳይነካካቸውና ኃይል ሳይቋረጥባቸው ከተገኙ ነው።

ማን ይተዋቸዋል? አውሮፕላኑ ገና መሬት ሳይነካ ተመልካቹ በሙሉ ይሮጣል፤ አንዱ ክንፉን፣ ሌላው ጭራውን፣ ሦስተኛው ሞተሩን ከነሽቦው ያነሣና ሁሉም ተሰብስቦ በእቅፍ ይመጣላችኋል። «እንካ፣ ምንም አልጠፋም» ይሏችኋል። ደግነቱ አይካድም፤ ነገር ግን የጠፋው ዋናው ነገር እያንዳንዱ ቁራጭ የወደቀበት ቦታ ነው። ባትሪውን ቶሎ ነቅሎ ማራቅ ተገቢ ነው፤ የተቀጠቀጠ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ዘግይቶም ቢሆን እሳት ሊያነሣ ስለሚችል በዚህ አልከራከርም። ሌላውን ግን ቢያንስ ፎቶ እስኪነሣ ድረስ ባለበት ተዉት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ፍርዱ ነው። በየሜዳው ያለው ችሎት ሁለት ተከሳሽ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አንዱ ነፋስ፣ ሌላው ሲግናል። ነፋስ ተብሎ የሚታለፈው አወዳደቅ ብዙ ጊዜ በዝግታ እየበረረ በጠባቡ ሊዞር የሞከረ አውሮፕላን ታሪክ ነው፤ 60 ዲግሪ ጋድሞ ከፍታውን ሳይለቅ በሚዞር አውሮፕላን ላይ ክንፉ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ይሆናል፣ ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቅተው፣ ፍጥነትም በ41 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ አብራሪው ደግሞ ከፍታ ላለመልቀቅ ኤሌቬተሩን አብዝቶ ሲስብ የውስጠኛው ክንፍ ድንገት ይከዳዋል። ሲግናል ጠፋ የሚባለውም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ የሚያቀርበው 5 ቮልት፣ ሰርቮዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጎትቱት ይወርድና ሪሲቨሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ለአብራሪው ይህ ሁሉ «ሪሞቱ አልታዘዘኝም» ብቻ ነው። ሪሞቱን ይለውጣል፣ ያው አደጋ ይደገማል። አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ አብራሪው አዙሮ ሲመጣ ግራና ቀኝ የሚምታታበት ሰውማ ስንት ጊዜ በነፋስ እንዳሳበበ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ጆይስቲኩን ዝቅ ወዳለው ክንፍ አቅጣጫ መግፋት ብቻ ይበቃው ነበር።

በ1954 እ.ኤ.አ. ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ የመንገደኞች ጄት በኤልባ ደሴት አቅራቢያ ባሕር ውስጥ በወደቀ ጊዜ ስብርባሪው ከባሕር ወለል እየተለቀመ ወጥቶ በየቦታው ተደርድሯል፤ የሌላ ኮሜት አካልም የውኃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ በበረራ ላይ የሚደርስበት ግፊት እየተደጋገመበት፣ ብረቱ ደክሞ እስኪሰነጠቅ ድረስ ተፈትኗል። በዚያ መካከል «ነፋስ ነው» ብሎ ሙጫ ያቀረበ ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ። ለፎም አውሮፕላን ይህን ያህል ምርመራ ይደረግ የሚል የለም፤ አምስት ደቂቃ ግን ይበዛበታል?

አይበዛበትም፤ እኛ ግን ወዲያው ወደ ጥገናው እንቸኩላለን። ትኩስ ሙጫ ፈጣን ስለሆነ ጭራው ላይ እንደ ልብ ይፈስሳል፤ ጭራው ከስበት ማዕከሉ ያለው ርቀት የአፍንጫው ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ እዚያ የተጨመረ 1 ግራም አፍንጫው ላይ 3 ግራም ይጠይቃል፤ ይህንን የሚመዝን ሰው ጥቂት ነው። ነጩን ተሰባሪ ስታይሮፎም በተራ ሱፐር ግሉ ለማጣበቅ ሞክሮ ፎሙ ዓይኑ እያየ ሲቀልጥበት የሚደነግጥም አለ። ክንፉ በትንሹ ተጣሞ ይደርቃል፣ የሰርቮ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ይሰካሉ፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፍ መሪ፣ አይሌሮኑም፣ ወደ ግራ ሲታዘዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚነሣው አውሮፕላን ክብደቱም ሚዛኑም ሌላ ነው፤ ሲወድቅም የሚወድቀው በአዲሱ ጥገና ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የፊተኛው አደጋ መንስኤ ከሙጫው ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። «ከሁለቱም ተምረሃል» የሚለኝ ሰው ምን እንደተማርኩ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የአውሮፕላን ንድፍ አውጥታችሁ የምታጋሩ ሰዎችም ቅሬታዬ ይድረሳችሁ። የክንፉን ስፋትና የሞተሩን ዓይነት ጽፋችሁ የስበት ማዕከሉን ቦታ የምትረሱት ለምንድን ነው? ቪዲዮ የምትለጥፉትማ ትብሳላችሁ፤ አውሮፕላኑ ማጋደል ሲጀምር ትቆርጡትና ቀጥሎ የሚታየው የተሰበረ ክንፍ ይሆናል፤ ሰው መርምሮ ሊረዳ የሚችልባቸው እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሆነው ሳለ የሚጎድሉት እነሱ ናቸው። ሙሉውን ልቀቁት፣ ከላይ የጫናችሁትንም ሙዚቃ አንሡልን፤ ሞተሩ ከመውደቁ በፊት ቆሞ እንደነበረ ወይም እስከ መጨረሻው ይጮህ እንደነበረ የሚሰማው ከድምፁ ነው።