ይድረስ ለተከበሩ የአሻራ ማሽን

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ «እንደገና ይሞክሩ» በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ሜክሲኮ አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤታችን፣ ከፊትዎ ከቆመው ሰልፍ ውስጥ ሆኜ ነው። ከጠዋቱ 2:29 ሆኗል። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ጣቱን በሱሪው ይፈትጋል። ከኋላዬ ያለችው «ሃ!» እያለች አውራ ጣቷ ላይ ትተነፍሳለች። በጥቅምት ብርድ ታክሲ ስንጠብቅ ጣታችን ደርቆ ነው የምንመጣው፤ ደረቅ ጣት ደግሞ አይወዱም። እስከ 2:30 ድረስ አያውቁኝም። 2:31 ሲሆን ወዲያው ትዝ እልዎታለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ጣት እንዲህ የምትናቅ አይደለችም። መስመሮቿ የተሠሩት ገና እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። ፋይዳ ሳወጣ አሥሩም ጣቶቼ ተነስተዋል፤ አገር ያወቀኝን ሰው እርስዎ በር ላይ ያቆሙኛል።

ዓይነቱ በዝቶብዎ ነው እንዳልል ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ሉፕ የሚባለው ከአንድ ጎን ገብቶ ይታጠፍና በገባበት ይወጣል፤ ከ60 በመቶ የማያንሰው አሻራ እሱ ነው። ዎርል መሃል ላይ ይሽከረከራል። አርች ከአንዱ ጎን ገብቶ፣ መሃል ላይ ጉብ ብሎ በሌላው ይወጣል፤ እሱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የእኔ ተራ ሉፕ ናት፣ ምንም አታስቸግርም። እርስዎ ግን ከዚያም ጠልቀው መስመሩ የት እንደሚያልቅ፣ የት ለሁለት እንደሚከፈል ያያሉ አሉ። በዚያ ሽሮ በነካው መስታወት?

እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ገድላ በጎረቤቷ አመካኘች። መርማሪው በሩ ላይ የቀረ የደም አሻራ አገኘ፤ ከእሷ አውራ ጣት ጋር ሲያስተያዩት ገጠመ፤ ሴትዮዋም አመነች። ኮምፒውተር የለም፣ መብራት የሚያበራ መስታወት የለም። እንጨት ላይ የደረቀ ደም ብቻ። እኔ ታጥቤ፣ ቫዝሊን ተቀብቼ፣ ጣቴን ራሴ ይዤ ቀርቤ «አልታወቀም» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ወንጀል ልሥራ?

የእኔስ ይሁን። የፅዳቷ እትዬ ግን ምን አድርገውዎት ነው? ደረጃውን በበረኪና ሲያሹ ኖረው የጣታቸው መስመር ተፍቋል። ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ። እርስዎንም በየጠዋቱ የሚወለውሉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ታዲያ በእርስዎ መዝገብ «ቀሪ» ተብለው ደመወዛቸው ተቆረጠ። ቢሮ ሄደው ሲያመለክቱ «ማሽኑ አይዋሽም» ተባሉ።

ሥራ አስኪያጃችንን በተመለከተ ግን ምንም ቅሬታ የለብዎትም፤ ጣታቸውን አይተውት አያውቁምና። የሚገቡት በጓሮ በር ነው፣ ያውም አራት ሰዓት ላይ።

ከሰላምታ ጋር
«አልታወቀም»

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት ክፍል (የእትዬ ደመወዝ እንዲመለስ፤ ካልሆነም ዛሬ ደረጃውን ማን እንዳጠበው ማሽኑ እንዲጠየቅልን)