ማስተካከያ፦ በኤስኤስኤች ስክሪፕት ሲልኩ የሚጠፉት የቢሲ ፈንክሽኖች

በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው መንገድ) የሚላክ ስክሪፕት (የትዕዛዞች ዝርዝር) ውስጥ የሒሳብ ማስያው ቢሲ ሳይንንና ሎጋሪዝምን አላውቅም ሲል «እንደገና ይጫኑት» ብለን ጽፈን ነበር። ስህተት ነው። በባሽ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ በሚያስኬደው ፕሮግራም) እና በቢሲ ማኑዋሎች እንደሰፈረው፣ እነዚህን ፈንክሽኖች የያዘው የሒሳብ ላይብረሪ ሥራ ላይ የሚውለው ቢሲ በ«ሰረዝ ኤል» (ትንሿ ኤል) ሲከፈት ነው። ይህን አማራጭ በባሽአርሲ (የባሽ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ በኤይሊያስ (ለትዕዛዝ በሚሰጥ አጭር ስም) ያሳጠረ ሰው በእጁ ሲተይብ ይሠራለታል፤ ባሽ ግን ስክሪፕት ሲያስኬድ በነባሪው ኤይሊያስን አይፈታም። አማራጩን ስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት።

እንደገና መጫኑ ጉዳት የለውም፣ ችግሩንም አይፈታም። በጣም የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ያለ አማራጩ ማካፈል ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አስርዮሹን ይቆርጣል። 7 ለ2 ሲካፈል 3፣ የ2 ስኩዌር ሩት ደግሞ 1 ይሆናል። በአማራጩ ግን እስከ 20 የአስርዮሽ ቤት ይሰጣል። እንዲህ የተሰሉ የቆዩ ውጤቶች ካሉዎት እንደገና ያስሏቸው።