ማስተካከያ፦ ምልክት ከሌለ ገደብ የለም ለተባለው
ከኮምቦልቻና ከደሴ ወደ ገጠር ወረዳዎች ለሚጭኑ ሹፌሮች በተሰራጨው መረጃ «የክብደት ምልክት በሌለበት ጠጠር መንገድ የፈለጉትን ያህል መጫን ይቻላል» የተባለው ይስተካከል። አይቻልም። የአክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ክብደት ገደብ በሕግ የተደነገገ ነው፤ በድልድይ አፍ ላይ የሚተከለው ምልክት ድልድዩ ከዚያም ያነሰ ክብደት ብቻ እንደሚችል ይናገራል። የምልክቱ ብረት ተነቅሎ ለቆራሌው ስለተሸጠ (የሚገርመው ገዢ አለማጣቱ!) ድልድዩ አይጠነክርም።

«ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ከሆነ ይበቃል» የሚለውም ጎዶሎ ነው። ሲሚንቶው ወደ ኋላ ከተከመረ፣ በጠቅላላ ክብደቱ ከገደብ ያላለፈ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናም በኋላ አክስሉ ሊያልፍ ይችላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባደረጉት የመንገድ ሙከራ ስሌት፣ የአክስል ጭነት በ20 በመቶ ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ክረምት ላይ፣ መረሬው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) ውሃ ሲጠጣ፣ ይብሳል።

ምልክቱ የጠፋበትን ድልድይ ጭኖ ከመሻገር በፊት የወረዳውን መንገድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው።